የዳማ ማሞቂያ

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለመሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወዳጄ ኑሩ ከሞተ ዓመት ሞላውና ቤተሰቡ ሰደቃ ያወጣሉ፣ ለዚያ ነው። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ለሽማግሌ ብለው ጋቢና ሰጡኝ። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ስኳር ብረት ላይ ተደፍቶ ሲያር የሚሸት ዓይነት፣ ጣፋጭ ሆኖ ጉሮሮ የሚከረክር። እግሬን ባነሳ ምንጣፉ ርሷል። የፊት መስታወቱን ጭጋግ ይዞታል፤ ሹፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው በሶፍት ይጠርጋል፣ ጠርጎ ሳይጨርስ ተመልሶ ይለብሳል።

«ልጄ፣ የማሞቂያህ ራዲያተር ያፈሳል» አልኩት።

«የሽቶ ሽታ ነው አባባ። ጠርሙሱ ተደፍቶብኝ ነው።»

«ሽቶ ምንጣፍ አያበሰብስም። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለችው ትንሿ ራዲያተር ናት። ቱቦዎቿን አይተሃቸው ታውቃለህ?»

ሳቀ። «መካኒክ ነበሩ እንዴ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ ነገ ከሞተሩ አስቆርጣታለሁ። ለዚች መንገድ ማሞቂያ ምን ያደርግልኛል?»

እኔም በሥራ ዘመኔ ስንቱን ማሞቂያ ቆርጫለሁ። እንዲያ ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ ማንም ተነሥቶ ጥፋት ነው ቢለኝ አልቀበለውም። ነገር ግን ልጁ አስቆርጣታለሁ ሲል የኑሩ መኪና ትዝ አለችኝ።

ያኔ የፍኖተ ሰላም መንገድ አስፋልት አላየም። በበጋ አቧራ ነው፣ በክረምት ጭቃ። የኔ ጋራዥ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶና ከላይ ቆርቆሮ ነበር። በቀኝ በኩል አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ያንቀጫቅጫል፣ በግራ ጠጅ ቤት አለ፣ ፊት ለፊት ሴቶች ብርቱካንና ሎሚ በእንቅብ ይዘው ይቀመጣሉ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም። አንድ ብር የያዘ ሰው ጓደኛ ጋብዞ፣ ጫማ አስጠርጎ፣ መልስ ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ጠጅ ቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው፤ ካሴቱን ሲያኝክበት ባለቤቱ እስክሪቢቶ ከቶ እያጠነጠነ ይመልሰዋል፣ እኛም ዘፈኑ ከየት እንደሚቀጥል አውቀነው ከቴፑ ቀድመን እንቀጥላለን። አሁን ያ ቦታ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ሳልፍ እግሬ ራሱ ቀስ ይላል።

ኑሩ የሚመጣው ከቡሬ ነው፣ በርበሬ ጭኖ። ጸጉሩ አፍሮ ነው፣ ማበጠሪያዋ ከኋላ ተሰክታ ትቀራለች። የቴትሮን ሸሚዝ፣ እግሩ ሰፊ ሱሪ፤ ያ ሱሪ የጋራዤን ግሪስ ጠርጎ ይዞልኝ ይሄድ ነበር። መኪናው ፒካፕ ናት፣ ከኋላ ሸራ ያላት፣ መልኳ እንደ ዳማ ፈረስ። እሱም ዳማ ይላታል፣ አገሩም ዳማ ይላታል። ስትመጣ ሳትታይ ነው የምትታወቀው፤ በርበሬው አስቀድሞ ያስነጥሳል። ማሞቂያዋን የከፈታት እንደሆነ ደግሞ፣ በየቀዳዳው የገባው የበርበሬ ብናኝ ከነፋሱ ጋር ይወጣና ተሳፋሪው ዓይኑን ይዞ ያለቅሳል። ኑሩ «ለኀዘንተኛ ይሆናል» እያለ ይስቃል።

ማሞቂያ ማለት ሌላ ነገር አይደለም። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ትኩስ ውኃ በአንድ የጎማ ቱቦ ይመጣል፣ ዳቦ በምታህል ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል፣ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። ማራገቢያው በላይዋ ይነፍሳል፣ ጋቢናው ይሞቃል። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። ብቻ ቀዳዳዎቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ቆሻሻ አይወዱም። እኛ ደግሞ ከላህ ወንዝ በጀሪካን ቀድተን ነበር የምንሞላው። ስለዚህ ግንቦት ሲያልቅ፣ ክረምቱ ሳይጥል፣ ሹፌሮች ተራ ይዘው ይመጡና ከነዚያ ሴቶች ሎሚ ገዝተን ጨምቀን በውኃ እናፈላለን፤ በአንዱ ቱቦ አስገብተን በሌላው ዝገቱን እናወጣለን። መንገዱ በሙሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬ የለም፤ ዛሬ አረንጓዴና ቀይ ውኃ በጠርሙስ ይሸጣሉ።

ማሞቂያ ለብርድ ብቻ አልነበረም። አባይ በረሃን ሲወጡ ሞተሩ መፍላት ሲጀምር፣ ሹፌር የሆነ ሁሉ ማሞቂያውን እስከ ጥጉ ይከፍታል። ውጭው እሳት ነው፣ ውስጡ ዳቦ ቤት ይሆናል፣ ሸሚዝ ይወልቃል፤ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ስለሚወስድለት መኪናው ይወጣል።

ኑሩ ሚስቱን ዘይነባን ከዳንግላ ያመጣት በዚችው በዳማ ነው። ሙሽራ ራሱ ነድቶ ሙሽሪትን ሲያመጣ ታይቶ አይታወቅም፤ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፣ እሱ መሪውን ለሰው አልሰጥም አለ። ሚዜዎቹን ከኋላ ሸራው ሥር ጎዝጉዞ፣ እሷን ጋቢና አስቀምጦ፣ በዝናብ መጣ። ዘንገና ሐይቅ ሲደርስ ከመንገድ ገባ ብሎ እስከ አፋፉ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ያልነገረው ሰው የለም። «ውኃዋን አሳየኋት። ውረጂና እያት ስላት፣ እዚህ ይሞቃል፣ ከዚሁ ሆኜ አያታለሁ አለችኝ። የኔ ሙሽራ ከጋቢና አልወርድም ያለችው በዳማ ሙቀት ነው» ይላል። ዘይነባ አጠገቡ ካለች አንገቷን ትደፋለች።

ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ሄደ። ሲመለስ ጋራዤ መጣና «ማሞቂያዋ አልሞቅ አለችኝ» አለ። ቱቦዋን ፈታሁት። የወጣው ውኃ አይደለም፤ ጣቴን ብነክር ለሐጩ እየተለጠጠ ተከተለኝ።

«ምንድነው ያጠጣሃት?»

«ውኃ ነዋ።»

«ውኃ እንዲህ ይለጠጣል?»

ወዲያ ወዲህ አለ። «ሽቅብ ስወጣ ራዲያተሩ አፈሰሰ። ተልባ ይደፍናል ሲሉ ሰምቼ ትንሽ ጨመርኩ።»

«ስንት ነው ትንሽ?»

«ዘይነባ ለስንቅ የቋጠረችልኝን።»

«ሁሉንም?»

«ታዲያ እኔ ልጠጣው? እኔ አላፈሰስኩ።»

እውነቱን ነው፣ ተልባው የትልቁን ራዲያተር ቀዳዳ ደፍኗል፤ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰው በዘይነባ ተልባ ነው። ትንሿ ግን ገንፎ ሞላባት። ወሬው እስኪመሽ ጠጅ ቤት ደረሰና አዝማሪው መሰንቆውን ነቅነቅ አድርጎ፣

«የኑሩ መኪና ጮማውንም ጣለ፣
ተልባ በጥብጡልኝ ሁዳዴ ነው አለ»

አለበት። ኑሩ ጠጅ አይቀምስም፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰማና እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ አዝማሪውንም ሸለመው።

ሎሚ ብል፣ ፍል ውኃ ብል፣ በፓምፕ በግልባጩ ብገፋ፣ በአንዱ የገባው በሌላው አልወጣም። አዲስ አበባ ሰው ላክን፤ ለዚህ ዓይነት መኪና ሌላ ትንሽ ራዲያተር አይገኝም ተባለ። ስለዚህ እንደ ሁሉም አደረግሁ። ሁለቱን ቱቦዎች ከትንሿ ራዲያተር ነቅዬ በአጭር የብረት ቧንቧ እርስ በርሳቸው አገናኘኋቸው። ውኃው ከሞተር ወጥቶ ወደ ሞተር ይመለሳል፣ ጋቢናን አያውቃትም።

«ለጊዜው ነው» አልኩት።

«ለጊዜው ከሆነ እሺ» አለ።

ለጊዜው የተባለ ነገር በእኛ አገር ዕድሜው ረጅም ነው። በየግንቦቱ ይመጣል፣ «ዘንድሮስ?» ይላል፤ «ዘንድሮ እንሠራታለን» እለዋለሁ፣ ጭነት ይመጣል፣ ይሄዳል። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ። ሻይ ብር ገባ። ያ ሰፊ ሱሪ ጠፋ፣ አፍሮው ገባ ገባ አለና መላጣ ሆነ፣ ማበጠሪያዋም የልጅ መጫወቻ ሆነች። አስፋልት መጣና ከቡሬ ባሕር ዳር ያለው መንገድ አጠረ፤ የኮሶበር ብርድ ግን አላጠረም። ኑሩ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ግማሽ ድንች ኪሱ ይዞ ነው የሚነዳ። መስታወቱ ጭጋግ ሲይዝ በድንቹ ያሸዋል፣ ለአንድ መንደር ያህል ጥርት ይልለታል፣ ደግሞ ያሸዋል። ዕድሜውን በድንች ነዳ።

አምና ክረምት ሲገባ ልጁ ሰይድ ስልክ ደወለልኝ። ሰይድ ቡሬ ገበያ ሱቅ ያለው፣ ልጆች ያደረሰ ሰው ነው። «ጋሼ ያረጋል፣ አባ ደረቱን አሞት ባሕር ዳር ቀጠሮ ሰጥተውታል። ሚኒባስ ኮንትራት ልያዝለት ብል በዳማ ካልሆነ አልሄድም ይላል። ይምከሩልኝ» አለ። ሄድኩ። ኑሩ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ በጋቢም በብርድ ልብስም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እጁ ስጨብጠው ቀዝቃዛ ነው። እንቅልፍ ካየ ቆይቷል፤ ገና ጋደም ሲል ሳሉ ያስነሣዋል።

«አባ፣ ዳማ እኮ በረዶ ቤት ናት» አለው ሰይድ።

«ያረጋል ይሠራታል። ለጊዜው ነው ብሎኛል።»

«ዝም በል አንተ ተልባ አጠጪ» አልኩት። ግን መፍቻዬን ይዤ ነበር የመጣሁት። ምክር አልመጣልኝም።

ቀጠሮው ሳይደርስ ማድረስ ነበረብኝ። ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታዘዙም፣ ሰይድ እየፈታ እኔ እየተሳደብኩ ዳሽቦርዱን አወረድነው። ትንሿን ራዲያተር አውጥቼ ብሰነጥቃት ተልባው ጡብ ሆኗል። ኑሩ «አምጣት» አለና አሸተታት። «የዘይነባ አቆላል ነው» አለ። እኔ ምንም አልሸተተኝም።

ከገበያው ኋላ ራዲያተር የሚበይድ ሰው ዘንድ ከሞተች መኪና የወለቀች አንዲት አገኘን፤ ትንሽ ትሰፋለች፣ ቤቷን ቆርጬ አሰፋሁላት። አንዱን አፏን ደፍኜ በሌላው በብስክሌት መንፊያ አየር እየነፋሁ፣ የዘይነባ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከርኳት። ከጥጓ አረፋ ወጣ። አስበየድኩ። እንደገና ነከርኩ፣ ዝም አለች። ቱቦዎቹን ከደብረ ማርቆስ አስመጣን። ቱቦ በእጅ ተጨብጦ ነው የሚታወቅ፤ እንደ ቀንድ ከደረቀም አይሆንም፣ እንደ በሰለ ሙዝ ከላመም አይሆንም። ኑሩ እያንዳንዱን ተቀብሎ ጨበጠና «ይህ ይሁን» እያለ መለሰልኝ። ጉልበት የቀረው እጁ ላይ ብቻ ነበር።

የመኪናዋን አፍንጫ ወደ አቀበቱ አዙረን፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን፣ አየሩ እንዲወጣ አስነሣናት። ቆየን። እጄን ቱቦዎቹ ላይ አደረግሁ። መጪው ተኮሰ፣ ተመላሹ ቀዝቃዛ ነው።

«እህሳ?» አለ ኑሩ ከወንበሩ።

«ገና ነው።»

«በዚያች ሳፋ ውስጥ ተልባ ነበረ እንዴ?»

ከማሰሪያው በቀር የምፈታው ነገር አልቀረኝም። የተመላሹን ቱቦ ማሰሪያ ላላ አደረግሁት። ፊሽሽ ብሎ አየር ወጣ፣ ቀጥሎ ውኃ ተፋ፣ እጄን ለበለበኝ። አጠበቅሁት። ሁለቱም ሞቁ። ኑሩን ደግፈን አስነሣነውና እጁን ቱቦዎቹ ላይ አኖረ፤ ብዙ ጊዜ አላነሣውም።

ሰይድ ማራገቢያውን ሲከፍት ያልጠበቅነው መጣ። ከየቀዳዳው ቀይ ብናኝ ቡን አለ። የድሮ በርበሬ ነው፤ ስንት ዘመን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አልሞተም። ሰይድ አስነጠሰ፣ እኔ አስነጠስኩ፣ ኑሩ እየሳቀ ሳለ ሳሉ ሳቁን ቀማው።

«ኧረ ልትገድሉት ነው» አለች ዘይነባ ከቤት።

«ተዪው፣ የኔ በርበሬ ነው» አለ እየተንፈራፈረ። «እንዲህ ያለ በርበሬ ዛሬ አለ?»

በቀጠሮው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ሰይድ መሪ ላይ፣ ኑሩ መኻል፣ እኔ ዳር። ዘይነባ መስኮቱ ድረስ መጥታ ጋቢውን አስተካከለችለት። «ዘንገና ስትደርሱ አስገቡኝ» አለ ኑሩ። «ያችን ውኃ እንደ ዘይነባ ከጋቢና ሆኜ ልያት። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚለውን ይበል።» ሰይድ እሺ አለ፣ እኔም እሺ አልኩ።

ከቡሬ ወጥተን ሽቅብ ስንል ጉሙ ተቀበለን። ኑሩ እጁን ኪሱ ከተተና ግማሽ ድንች አወጣ። መስታወቱን አየው፤ ጥርት ብሏል። ድንቹን እጁ ላይ ይዞ ትንሽ ቆየና ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጣት። ሙቀቱ ከእግራችን ሥር ይመጣል። «ይቺን ነበር እንዴ ያጣኋት?» አለ። ጋቢውን ከትከሻው ጣለ። ቲሊሊን እንዳለፍን ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። አልሳለም። አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ተኛ።

ዘንገና መገንጠያ ሲቃረብ ሰይድ አየኝ። «ጋሼ፣ ልግባ?»

ኑሩን አየሁት። ስንት ሌሊት ያላገኘው እንቅልፍ ነው። ውጭው ጉም ነው።

«ስንመለስ ያያታል። ንዳው» አልኩ።

ሆስፒታሉ አስተኛው። ሰነበተ፣ ከዚያ በሕይወት አልተመለሰም። ሲመጣ በሌላ መኪና፣ ለቀብር በጥድፊያ ነው የመጣ፤ ዘንገናን በየት በኩል እንዳለፍናት ያየ የለም። ዛሬም ያች መገንጠያ ላይ ብሆን፣ ያ እንቅልፍ ትከሻዬ ላይ ቢወድቅ፣ አልቀሰቅሰውም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ። ደጋግሜ ማለቴ ግን ደስ አይለኝም።

ቡሬ ስደርስ ዝናቡ ቀጥሎ ነበር። የሚኒባሱ ሹፌር «ደኅና ይግቡ፣ መካኒኩ» አለኝ፤ ቱቦዋን ቀይራት እንጂ አትቁረጣት አልኩት፣ ሳቀና ሄደ። የኑሩ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ እንደ ወጉ ለብቻ ተሠርቶ ቀረበልን። ዳማ ጥጉ ላይ ቆማለች፣ ሸራዋ ወርዷል። ሰው ሲቀል ዘይነባ ሻይ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አያ ያረጋል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ለት በርዶት ነበር?»

«አልበረደውም። ጋቢውን ጥሎ ነበር።»

«ዘንገናንስ አያት?»

ውሸት አልወድም። «ሞቆት ተኝቶ ነበር። አልቀሰቀስነውም» አልኳት።

ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ስትታገል ቆየችና፣

«እኔም እኮ ያኔ ተኝቼ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«የሠርጌ ለት። ከጋቢና አልወርድም አለች እያለ ሲያወራ ዕድሜ ልኬን ሰማሁት እንጂ እኔ ምን ውኃ አየሁ? ከሠርጉ ግርግር እንቅልፍ አጥቼ ከርሜ፣ ያ ሙቀት ሲያገኘኝ ወደቅሁ። ስነቃ መኪናው ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። እሱ መሪውን ይዞ ያየኛል። ቀኑ ጨላልሞ ውኃው አይታይም፤ ሚዜዎቹ ከኋላ ብርድ ገደለን እያሉ ቆርቆሮውን ይደበድባሉ። ለምን አልቀሰቀስከኝም ስለው፣ ስንመለስ ታያታለሽ አለኝ።»

«ኋላ አያችኋት?»

«በዚያ በኩል ስንቴ አለፍን፤ ዛሬ ጭነት አለ፣ ዛሬ ይመሽብናል ስንል» አለች። ብርጭቆዬን አየች። «ሻይዎ በረደ። ልለውጥልዎ።»

ተነሥታ ሄደች። እኔ ዳማን እያየሁ ቀረሁ። መስታወቷ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ያች ግማሽ ድንች ደርቃ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጣለች፣ ያነሣት የለም። ኑሩ ያኔ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሚዜ እየጮኸበት፣ እስክትነቃ ቆሞ ጠብቋታል። እኛ ማርሽ እንኳ አልቀነስንም።